አሜባ ያቋረጠው ዘር ቆጠራ

ጎንደሬን ስሙን ልትጠይቁ ከሆነ አስቀድማችሁ ምሳችሁን ብሉ! ስሙን ብቻ ነግሮ አይለቃችሁም። አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየደረደረ ፀሐይ ያስጠልቅባችኋል። ምን ላድርግ፣ እኔም ጎንደሬ ነኝ...

አክስቴ ሲሞቱ ኮላ ድባ ያለው ርስታችን ሙግት ተነሣበት። ልጃቸው አያ ቢተው ሁሉንም ጠቅልሎ ሊወስድ ዳኛ ፊት ማለ። "ይህን ሰውዬ አላውቀውም! እንኳን ሥጋ ሊሆነኝ ከአንድ ገንቦ ጠጥተን አናውቅም!" ይታያችሁ! በእናቱ ተዝካር ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠላ ስንገለብጥ የዋልን ሰዎች!

እንግዲህ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አያት መወለዴን ካልቆጠርሁ ርስቴ ሄደ ማለት ነው። ዳኛው "ቁጠር" አሉኝ። ጋቢዬን አጣፍቼ ቆምሁ።

"እኔ አየለ፤ አየለ የተሰማ፣ ተሰማ የእንግዳ፣ እንግዳ የቸኮል..."

ወዮ ሆዴ! ቸኮልን እዚያው ጥዬ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጥሁ። ስመለስ አያ ቢተው ጥርሱን ያሳያል።

"ጌታዬ፣ የዚህ ሰው ዘር ቸኮል ላይ አለቀ! ይመዝገብልኝ!"

ዳኛው ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ። ኮሶ ጠጣሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። በመጨረሻ ከተማ ወጥቼ ጤና መኮንኑ ዘንድ ሄድሁ። የሰጠሁትን ዓይነ ምድር በአጉሊ መነጽር አየና "ይምጡ ይመልከቱት" አለኝ። ባየው አንድ ልፍስፍስ ነገር ይንፏቀቃል።

"አሜባ ይባላል። ሁለመናው አንዲት ሴል ናት።"

"አፉስ?"

"የለውም። ያገኘውን ዙሪያውን ከቦ ይውጣል። ሆዱ ውስጥ የሚታየው የእርስዎ ደም ነው።"

"እግሩስ?"

"ሲያሻው ከገላው ያወጣል፤ ሲበቃው መልሶ ያስገባል።"

ደሜ ፈላ። "ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?"

"አባትም እናትም የለው። መጀመሪያ መሐሉ ያለው አስኳል ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ እሱ ራሱ ይሰነጠቅና ሁለት ይሆናል።"

አባት የለው! እኔን የቸኮልን ዘር ዳኛ ፊት ያዋረደኝ አጥንት የለው፣ አፍ የለው፣ አባት የለው! ነብር ቢሰብረኝ እኮ ወግ ነበር! ደግሞ ፈሪነቱ... ሲጨንቀው ጠንካራ ልባስ ተከናንቦ ከሆድ ይወጣል፤ በውኃ ተሳፍሮ የሌላ ሰው ሆድ ይገባል አሉ። ቱ! የሰው ደም እየጠጣ የሚሸሽ ወራዳ!

"ከየት ያዘኝ?"

"ከቆሸሸ ውኃ። ዋንጫ ቢታጠብበት እንኳ ይበቃል። አብሮዎት የጠጣም ሳይዘው አይቀር።"

ክኒኑን ውጬ ዳንሁ። በቀጠሮዬ ቆሜ ቸኮልን አልፌ እስከ አቅኚው ድረስ ሰባቱን አያቶቼን አወረድኋቸው። ዳኛው ግን አገጫቸውን እያሻሹ "ይህንማ ማንም ሊያጠናው ይችላል" አሉኝ። አያ ቢተው በደስታ ብድግ አለ።

"እውነት ነው ጌታዬ! ይህ ሰው ከእኔ ጋር ምንም..."

ፊቱ አመድ መሰለ። ሆዱን ያዘ። ከዚያማ ጋቢውን ጥሎ ወደዚያው ባሕር ዛፍ!

"ዘር ከልጓም ይስባል!" አልሁ፤ አላስቻለኝም። የተዝካሩን ጠላና የጤና መኮንኑን ቃል ለዳኛው ነገርኋቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አያ ቢተው ቀበቶውን እያጠበቀ ሲመለስ ጠበቁት።

"ምነው? የተዝካሩ ጠላ ነው?"

"ምን እባክዎ ጌታዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እኮ ሁለታችንም..." አለና አፉን በእጁ ያዘ።

መሐላው እዚያው ፈረሰ፤ ርስቱ እኩል ለሁለት ተከፈለልን። ሰባት አያቶቼ ተሰልፈው ያላሳመኗቸውን ዳኛ፣ አንድም አያት የሌለው ልፍስፍስ አሳመናቸው!