የኮሪያው የልምድ ልውውጥ ምሳ

መሥሪያ ቤት የሚቆመው በሚያውቁ ሰዎች ነው። የሚያውቁ ሰዎች ሲጠፉ ደግሞ አውቃለሁ በሚሉ ሰዎች ይቆማል፤ እነዚህኞቹ በቁጥር ስለሚበልጡ አቋቋሙም የዚያኑ ያህል የጸና ነው። ከእነዚህ የጸኑ ምሰሶዎች አንዱ፣ ባልደረቦቻቸው «ኮሪያው» የሚሏቸው የልምድ ልውውጥ መምሪያ ኃላፊ ናቸው።

ስሙን ያገኙት ከስምንት ዓመት በፊት ለአሥራ ሁለት ቀን ስልጠና ኮሪያ ደርሰው በመመለሳቸው ነው። የሰው አገር ምግብ ሆዳቸውን እንዳያውከው ፈርተው፣ አሥራ ሁለቱንም ቀን ከስልጠናው አዳራሽ ወደ ሆቴል ክፍላቸው እየሮጡ፣ ሚስታቸው ሻንጣ ውስጥ ያጨቀችላቸውን ብስኩት ሲቆረጥሙ እንደከረሙ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለመሥሪያ ቤቱ ግን አርባ ሁለት ገጽ ሪፖርት አቀረቡ። ያነበበው ሰው ስላልነበረ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ነገር ሲወሳሰብ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «ኮሪያ ውስጥ እንዳየሁት» ይላሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ነገሩ እንደተወሳሰበ ይቀራል፤ ግን በክብር ነው የሚቀረው።

አንድ ሰኞ ታዲያ አዲሷ ዋና ዳይሬክተር በማኔጅመንት ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ «ከሕንጻችን ጀርባ ባለው መንገድ የኮሪያ ምግብ ቤት ተከፍቷል አሉኝ» አሉ። «ሐሙስ ምሳ አብረን እንበላለን። እርስዎ ይመሩናል።»

«በታላቅ ደስታ» አሉ ኮሪያው።

ሐሙስ ጠዋት ከረባታቸውን ሲያስሩ ሚስታቸው ነገሩ ገባት። «አሞኛል በልና ቅር» አለቻቸው።

«የምክትል ዳይሬክተሩ ወንበር ባዶ ከሆነ አራት ወሩ ነው። በዚህ ሰዓት ማን ይታመማል?»

«ስትበላ ደግሞ ያውቁብሃል።»

«ምን አውቀው ነው የሚያውቁብኝ?» አሉ፤ ይህንን ማለታቸው ራሳቸውንም ትንሽ አጽናናቸው።

ምግብ ቤቱ ስድስት ክብ ጠረጴዛ ያለበት፣ ግድግዳው በምግብ ፎቶግራፍ የተሸፈነ ጠባብ ቤት ነበር። በየጠረጴዛው መካከል ምድጃ ተቀብሯል፤ በላዩ ሰፊ የብረት መጥበሻ ተጥዶበታል። ባለቤቷ ስልሳን ያለፉ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ እግራቸው የማያርፍ ኮሪያዊት ናቸው። ከተማው ውስጥ ሃያ ዓመት ስለኖሩ ቋንቋውን እንደ ጎረቤት ነው የሚናገሩት። ኮሪያው ከበሩ ገና እንደገቡ ግንባራቸው ጠረጴዛ ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ሴትዮዋ ለማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ።

አቀማመጡ በደረጃ ሆነ። ዳይሬክተሯና ስድስቱ ኃላፊዎች ትልቁን ጠረጴዛ ከበቡ። ሕንጻውን ዞሮ በመኪና ያመጣቸው ሾፌር በሥራ መደቡ መሠረት በሩ አጠገብ ለብቻው ተቀመጠ።

ኮሪያው ግድግዳው ላይ ቀላ ያለውን ፎቶግራፍ በጣታቸው አመለከቱ። «ይህንን። ለሁላችንም።»

«ዶሮውን?» አሉ ባለቤቷ።

«ዶሮውን» አሉ ኮሪያው፣ ዶሮ መሆኑን አሁን ገና የሰሙ ሳይመስሉ።

ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው በትናንሽ ሳህን ተሞላ። በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ አንድ ቅርጫት የሰላጣ ቅጠል፣ የብረት መብያ ዘንጎችና ማንኪያዎች፣ ትልቅ መቀስ፣ በመጨረሻም በቀይ ቅመም ተለውሶ መልኩ የጠፋ የዶሮ ሥጋ በትሪ መጣ። ዳይሬክተሯ እያንዳንዱን በጥንቃቄ ተመለከቱ።

«ይህ መካከል ያለው ምንድን ነው?»

«የእጅ ማሞቂያ» አሉ ኮሪያው። «አገሩ ብርድ ነው።»

የሰው ኃይል ኃላፊው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

«ቅጠሉስ?»

«ከምግብ በፊት እጅ ይጠረግበታል።»

ሰባቱም እጃቸውን በሰላጣ ጠረጉ።

«መቀሱስ?»

እዚህ ላይ ኮሪያው ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። መቀስ ከምግብ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው፣ አንድ ጊዜ ወደ ጫማቸው እያዩ ፈለጉ። የትልቅ ሰው እውቀት የሚፈተነው እንዲህ ባለ ሰዓት ነውና አላሳፈራቸውም።

«ለምርቃት ነው» አሉ። «ማዕድ የሚከፈተው የክብር እንግዳው ሲቆርጥ ነው።»

የሚቆረጥ ሪባን ስላልነበረ ትልቁን የሰላጣ ቅጠል ሁለት ኃላፊዎች ግራና ቀኝ ወጥረው ያዙ። ዳይሬክተሯ ተነሥተው በመቀሱ ለሁለት ቆረጡት። ተጨበጨበ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ፎቶግራፍ አነሡ። ባለቤቷ ከወጥ ቤት በር ላይ ላይተር እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

በኋላ ቀረብ ብለው፣ «ልለኩስላችሁ» አሉ።

«ግድ የለም» አሉ ኮሪያው። «እጃችን አልበረደውም።»

«እጃችሁ?»

ኮሪያው በመልሱ ፈንታ እንደገና እጅ ነሱ። ሴትዮዋ ላይተሩን ሽርጣቸው ኪስ ከተው ሄዱ፤ ምሳውም በይፋ ተጀመረ።

«ይሄ ዶሮ ትንሽ ይቀዘቅዛል» አሉ የፋይናንስ ኃላፊዋ።

«ቀዝቅዞ ነው የሚበላው።»

«ሲያኝኩት ይሸሻል እኮ።»

«ትኩስ ስለሆነ ነው።»

«የበሰለ ነው ግን?» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው፤ ማንኪያቸው አየር ላይ ቆሟል።

ሁሉም ማኘኩን አቆመ።

«በቅመም የበሰለ» አሉ ኮሪያው፤ ምሳሌ ለመሆንም ትልቁን ቁራጭ ዋጡ። ዳይሬክተሯም ዋጡ። ስለ ውጭ አገር ከአንድ የመምሪያ ኃላፊ ያነሰ የሚያውቁ መስለው መታየት ሥልጣናቸው አይፈቅድላቸውም ነበር። ዳይሬክተሯ ከዋጡ በኋላ ሳይውጡ መቅረት ለሌሎቹም የዲሲፕሊን ጉዳይ ሆነ።

በዚህ መካከል ከበሩ አካባቢ የሚያስጎመጅ ሽታ መጣ። ሾፌሩ ሳህኑ ገና ሲቀርብለት፣ «እማማ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚበላው?» ብሎ ነበር። እሳቸውም ምድጃውን ለኩሰው፣ ሥጋውን መጥበሻው ላይ አገላብጠው፣ በመቀስ ቆራርጠው፣ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው አሳዩት። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ያጣጥማል።

«ሾፌሩ ምን እያደረገ ነው?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ስህተት እየሠራ ነው» አሉ ኮሪያው።

«ሽታው ግን ደስ ይላል።»

«ስህተት መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነው።»

ከዚህ በኋላ ኮሪያው እጃቸውን ለመታጠብ ብለው ተነሡ። ባለቤቷ ተከትለዋቸው ከሾፌሩ ጠረጴዛ ጀርባ ባለው የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አጠገብ ደረሱባቸው።

«ጌታዬ፣ ዶሮው ጥሬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኮሪያው ቧንቧውን ከፈቱ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ሰዎቹ ይታመማሉ። ልምጣና እሳቱን ልለኩሰው። ሁለተኛው ዙር ነው ይበሏቸው፤ ማንም አያውቅም።»

ለአንድ አፍታ፣ ይህ ሳይመሰክሩላቸው የማይታለፍ ነው፣ ኮሪያው እሺ ሊሉ ነበር። ከገንዳው በላይ ባለው መስታወት ውስጥ የሰባት ሰው ሆድ ታያቸው። ከዚያ ባዶው ወንበር ታያቸው።

«የእጅ ማሞቂያ ነው ብያለሁ» አሉ።

«ተሳሳትኩ ይበሏቸዋ።»

«እኔ?» አሉ ኮሪያው፤ ለሴትዮዋ የማይሆን ነገር እንደጠየቀ ሰው አዘኑላቸው፤ ተመልሰውም የመዝጊያ ንግግር አደረጉ።

ዓርብ ማለዳ መሥሪያ ቤቱ ያለ ማኔጅመንት ዋለ። ሰባቱም ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል። ለአራት ቀን ስብሰባ አልተጠራም፤ በዚህም የተነሣ ስድስት ወር የተጉላላ ባለጉዳይ ሁሉ ጉዳዩ አልቆለት ሄደ። ዳይሬክተሯ ከስተው ሲመለሱ ይህንን ከባድ ክፍተት ሰምተው አጣሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ስለ ኮሪያ የተሻለ እውቀት ያለው ስለሌለ ሰብሳቢው ኮሪያው ሆኑ፤ የፋይናንስና የሰው ኃይል ኃላፊዎች አባል ሆኑ። ሾፌሩ ተጠራ።

«ሰባት አመራር ሲታመም አንተ ብቻ እንዴት ጤነኛ ሆንህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጠብሼ ነው የበላሁት።»

«መጠበስ እንዳለበት በምን አወቅህ?»

«ሴትዮዋን ጠየቅኋቸው።»

አባላቱ ተያዩ።

«በደብዳቤ?» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«በአፌ ነዋ። ርቦኝ ነበር።» ሾፌሩ ትንሽ አመነታና ወደ ሰብሳቢው ዞረ። «እርስዎም እኮ ያውቁ ነበር። ገንዳው ጋ ሲነግሩዎት ሰምቻለሁ።»

ኮሪያው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሚሉት አጡ። የስምንት ዓመት ክብር፣ አርባ ሁለቱ ገጽ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም በዚያች ጸጥታ ላይ ተንጠለጠለ። የፋይናንስ ኃላፊዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሆዳቸው አራት ቀን ሙሉ አሠቃይቷቸዋል፤ ግን የሰላጣውን ቅጠል በግራ በኩል ወጥረው የያዙት እሳቸው ነበሩ። በቀኝ በኩል የያዙትን የሰው ኃይል ኃላፊ አዩ። እሳቸውም አዩአቸው።

«ይህ ከአጀንዳው ውጭ ነው» አሉ የፋይናንስ ኃላፊዋ።

«ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይግባ» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው።

ኮሪያው ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን ዘጉ።

በሳምንቱ ኮሪያው «በዓለም አቀፍ ግንኙነት መስክ አካላቸውን እስከ መስጠት ለከፈሉት ዋጋ» ምክትል ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። በአዲሱ ወንበር ላይ የፈረሙት የመጀመሪያ ደብዳቤ የሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያለ በላይ አካል ፈቃድ የውጭ ዜጋን በመጠየቁና ያገኘውን መረጃ ለብቻው በመብላቱ።

ሾፌሩ እዚያው ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይቅርታ» አለ በትሕትና፤ «ጥፋቴ የትኛው ላይ ነው?»

ምክትል ዳይሬክተሩ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸው» አሉ፤ «አሁንም ጠየቅህ።» ሁለተኛውንም ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ አዲስ ወረቀት ሳቡ።