ማነው የነካው?

ኮምፒውተር በገባበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «ማነው የነካው?» ባይ አይጠፋም። ዕቃ ሲበላሽ «ምን ሆነ?» አይልም፤ ማን እንዳበላሸው ነው የሚጠይቀው። በእሱ ዓለም እርጅና፣ አቧራ፣ የመብራት መቆራረጥ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የሰው እጅ ነው።

የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያገለግለው የሰርቨር ክፍል ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ «ክቡር መርማሪ» የሚላቸው፣ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። አምፖል ተቃጠለ? «ማነው የነካው?» ሊፍት ቆመ? «ማነው የነካው?» ቤታቸው ሾርባው ጨው በዝቶበት ቀና ሲሉ ግን ባለቤታቸው ቀድማ «እኔ ነኝ፤ ምን ይሁን?» ብላ አፋቸውን ታስይዛቸዋለች።

በቅርቡ ታዲያ ክቡርነታቸው ራሳቸው ጭንቅ ውስጥ ገቡ። በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሕመምተኛው ካርድ ለማውጣት ግጥም ብሎ በተሰለፈበት ሰዓት፣ ሰርቨሩ ድንገት ጫና ይበዛበትና ቀጥ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሦስት ቀን ታገሡና፣ «አንድ ቀን ከደገመ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ አስረክበው ዕቃ ግምጃ ቤት ይወርዳሉ» አሏቸው። ሃያ ዓመት ከሰርቨር ጋር ኖሮ ወንበርና ባልዲ መቁጠር! ሰውዬው እንቅልፍ አጡ።

ምርመራው ተጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ የመጥረጊያ እጀታ በሜትር ተለካ፤ የሰርቨሩ ገመድ ጋ ይደርሳል አይደርስም? የራጅ ክፍል ሠራተኞች ፊልም ታያላችሁ ተብለው ተከሰሱ። ዋናዋ ተጠርጣሪ ግን የካርድ ክፍሏ አንጋፋ ሠራተኛ እትዬ ነበሩ።

«እትዬ፣ የኪቦርዱን ቁልፍ ስንት ጊዜ ነው የሚጫኑት?»

«አንዴ።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እምቢ ካለ ሁለቴ። አሁንም እምቢ ካለ በቡጢ።»

መርማሪው የእትዬን ስም በሪፖርቱ ላይ አሰፈሩ፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመሩ።

በአራተኛው ቀን ሰርቨሩ እንደልማዱ ቆመ። ክቡርነታቸው በላብ ተጠምቀው የትኛው ፕሮግራም ጉልበቱን እንደሚበላ አንድ በአንድ ሲፈትሹ፣ አንዱ ብቻውን ሁሉንም ሲውጥ አገኙት። ባለፈው ወር አንድ ሰነድ ጠፋ ብለው፣ ማን ምን እንደነካ እንዲመዘግብ በገዛ እጃቸው የሠሩት ሰላይ ነበር። አንድ ሰው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር የወሩን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና ያነባል። ሰው በበዛ፣ መዝገቡም በረዘመ ቁጥር ሰርቨሩ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ሰላዩን አጠፉት። ሰርቨሩ ወዲያው ነፍስ ዘራ። ያየ ሰው የለም፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው የእትዬ ስም ነው። ዝም ቢሉ ጥፋቱ የእትዬ ይሆናል፤ ወንበራቸው አይነካም።

ሥራ አስኪያጁ እትዬን አስከትለው ገቡ። «ጥፋተኛው ታወቀ?»

መርማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሪፖርቱን ለሁለት ቀደዱት።

«ታወቀ። እኔ ነኝ» አሉና ነገሩን ሳይደብቁ ተናገሩ። አፍረዋል፤ ጆሯቸው ሳይቀር ቀልቷል።

ሥራ አስኪያጁ የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ እንጂ» አሉ እትዬ። «ሲስተም የለም በተባለ ቁጥር ምሳውን ትቶ አጠገቤ ተቀምጦ ካርድ በእጁ ሲጽፍልኝ የሰነበተው ማን ሆነና ነው? አንድ እናት እንኳ ሳትታከም አልተመለሰችም። እየጻፈ ሲነዘንዘኝ ይውላል፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግምጃ ቤት ከወረደ እኔም አብሬው ባልዲ እቆጥራለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ እትዬን አዩ፣ ከበሩ ውጭ የተሰለፈውን ሕዝብ አዩ፤ የተዘረጋውን እጃቸውንም ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።