በዘይነባ ጭንቅላት የሚያስቡት እመቤት

በሰው እጅ እሳት የሚጨብጥ ሞልቷል፤ በሰው ጭንቅላት የሚያስብስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባሕሪ በምትባል የሰው አገር ከተማ ውስጥ አንዲት እመቤት አግኝቻለሁ። ስለ ማቀድ፣ ስለ ማስታወስና ራስን ስለ መግዛት ሥልጠና ይሰጣሉ። ቃለ መጠይቅ ላደርግላቸው ቤታቸው ሄድኩ።

«ሰው የአእምሮው አለቃ መሆን አለበት» አሉኝና ወደ ጓዳ ዞሩ። «ዘይነባ፣ የስኳር መድኃኒቴን ወስጃለሁ?»

«ጠዋት ወስደዋል» አለች የቤት ሠራተኛቸው፣ የወሎ ልጅ። ሦስተኛውን ጣፋጭ ሊያነሡ ሲሉም ሳህኑን ቀስ ብላ አራቀችው። እኔም ሳቄን ዋጥ አደረግኩ፤ ራስን መግዛት ማለት ይኸው አይደል?

ቀጥላ «ማዳም፣ ፓስፖርቴን ቢሰጡኝ? የመኖሪያ ፈቃዴ ዛሬ ያበቃል፤ ቢሮው ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለች።

የሷ ፓስፖርት እሳቸው ዘንድ ምን ይሠራል አትበሉኝ።

«እንዳትጥይው ብዬ ደህና ቦታ አስቀምጬልሻለሁ» አሉ። መሳቢያዎቹን ሁሉ ከፈቱ፤ ቁም ሣጥኑን ገለበጡ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። «ዘይነባ፣ የት ነው ያስቀመጥኩት?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ ማዳም» አለች ረጋ ብላ። «እኔ እንዳላገኘው ብለው ነው የደበቁት።»