ተንጋዶ የተለጠፈ ቁጥር

አዲስ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አልጋውን ከመስኮቱ ያርቃል፣ ወንበሩን ወደ በሩ ያዞራል። እንዲያ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔም የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሜን የማየው እንደ ቤቴ ነው። ሌላው ፎቶ አንሺ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሠራበታል፤ እኔ ለእጄ እንዲመች አንድ በአንድ አሰናድቼዋለሁ። የእኛን ሰው ፊት አመድ እንዳያስመስል አስተምሬዋለሁ፤ ፊት ላይ ያገኘውን እድፍ ሳልነግረው ያጠራል፤ የተንጋደደውን ያቀናል። በየደቂቃው «እርግጠኛ ነህ?» እያለ የሚጨቀጭቀኝንም ገና ድሮ ዘግቼዋለሁ። እርግጠኛ ባልሆን ሮቫ ጊሜል በሚሉት ሰፈር ውስጥ ሱቅ እከፍት ነበር?

ባሕሩ ዳር፣ የጀልባ ማቆሚያው ማሪና ላይ የሚነሱ ሙሽሮች ፎቷቸውን የሚያመጡት ለእኔ ነው። እማማ ትርንጎም ዝናዬን ሰምተው መጡ። የባለቤታቸው የሙት ዓመት፣ እኛ እዚህ በዕብራይስጥ አዝካራ የምንለው፣ በማግስቱ ነበርና የሟቹ ፎቶ ጎላ ብሎ እንዲታተም ፈለጉ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር የመጡ ዕለት የተነሱት ነው። ወረቀቱ ቧንቧ ፈንድቶ ረጥቦ ጠፍቷል፤ የቀረው በፍላሽ ያመጡልኝ ቅጂ ብቻ ነበር። ከፈትኩት፤ ፕሮግራሜ አጠራው፤ ነባሩን ፋይል አጥፍቶ በቦታው አስቀመጠው። አትሜ በኩራት ሰጠኋቸው።

«ይኼ ማነው?» አሉ።

«ባለቤትዎ ናቸዋ።»

«ቁጥሩስ?»

ያን ዕለት ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይጠፋፋ በየሰዉ ግንባር ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ፕሮግራሜ እድፍ መስሎት ጠርጎታል፤ እንዳይጠይቀኝ የከለከልኩትም እኔው ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ የምለቅመውም አልቀረልኝም።

«መልሼ እጽፈዋለሁ። ስንት ነበር?»

«እኔ ያኔ ቁጥር መች አውቅ ነበር?»

ወንዶች ልጆቻቸው ዘንድ ደወልን። ትልቁ አንድ ቁጥር ነገረን፤ ታናሹ ሌላ። ሁለቱም ማሉ።

«ታዲያ እማማ፣ ካላወቁት ምን ያደርግልዎታል?»

«የሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ተለጥፎ፣ የሱ ላቡን ሲጠርግ ተንጋደደ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ጠፍቶብኝ፣ ልጆቹን ይዤ ሳለቅስ፣ ያቺን ጠማማ ወረቀት አይቼ ነው ያገኘሁት። ያሻህን ጻፍ ልጄ። ብቻ ጠማማ ይሁን።»

የትልቁን ልጅ ቁጥር ጻፍኩና አንጋደድኩት። ፕሮግራሜ አቀናው። ደግሜ አንጋደድኩት፤ ደግሞ አቀናው። ያስተማሩትን የማይረሳ ተማሪ እንዲህ ያስመርራል። ስንት ዓመት የደከምኩበትን ቅንብር አንድ በአንድ ስዘጋ እማማ ትርንጎ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ፕሮግራሙ ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶውን ሲቀር ወረቀቷ ተንጋዳ ረጋች።

«ትንሽ ወደ ግራ» አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው አዩት፤ እጃቸውንም ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «አዎ፤ እሱ ነው።» አትሜ ሰጠኋቸው።

በአዝካራው ሁለቱ ወንድማማቾች ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ፎቶው ፊት ቆመው ስለ ቁጥሩ ተከራከሩ። ስለ ጥመቱ ቃል የተናገረ አልነበረም። ቁጥሩ እውነት ስለመሆኑ አልምልም፤ ጥመቱ ግን እውነት ነው።

ቅንብሬን ሁሉ መልሼዋለሁ፤ በሰፈሩ የሚወዳደረኝ አሁንም የለም። ያቺን ጥያቄ ብቻ ከፈትኳት። «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ግን ግንባር አያለሁ።