በሩ የጠፋበት ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ቤት ቀየረ፤ በአዲሱ ቤትም አልነቃ አለ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቨርቹዋል ማሽን የሚሉት አለ፤ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ አካል የለውም። አሳዳሪ ፕሮግራም ቤት ይሰጠዋል፤ እሱም ያንን ቤት ዓለም ነው ብሎ ይኖራል። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። ይሄኛው ግን ከአንዱ አሳዳሪ ወደ ሌላው ሲሄድ አህያም ፈረስም አልሆን አለ።

ሐይቅ ከተማ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ማሽኑን ያመጡት የቅኔ መምህሩ የኔታ ናቸው። ከሟች መምህራቸው በቃል የተቀበሏቸውን ቅኔዎች በአንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አስተይበው ነበር። ያ መጻፊያ ከአሮጌ ኮምፒውተር በቀር አይሠራም፤ በሌላ ሲከፍቱት ፊደሉ ይዘባረቃል። ስለዚህ አንድ ተማሪያቸው አሮጌውን እንዳለ ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ በአዲስ ኮምፒውተር ውስጥ አኖረላቸው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አዲሱ ተቃጠለ። ከቃጠሎው የተረፈውን ዲስክ ወደ እኔ አመጡት፤ የእኔ አሳዳሪ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ነው። የኔታ አርጅተዋል፤ ቅኔው ከቃላቸው መሸሽ ጀምሯል። እዚያ ውስጥ ከጠፋ፣ ጠፋ።

አስነሣሁት። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቆመ። አጥፍቼ አስነሣሁት። ሰማያዊ።

«ሣጥን በሣጥን ውስጥ መቆለፍ የማን ብልሃት ነው?» አሉ የኔታ።

«የተማሪዎ።»

«እሱማ ዜማውም አልገባው ብሎ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ማሽኑ ሞቷል እንዴ፣ ልጄ?»

«እንጃ፣ የኔታ።»

«መኪና ግሸን አፋፍ አያደርስም፤ ቀሪው የእግር ነው። ሞክር።»

ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። መነሻ ዲስኬን አጣሁ ነው የሚለው። ዲስኩ ግን አጠገቡ ነው። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ፤ ለማንም ያልነገርኩትን ለየኔታ ነገርኳቸው።

በድርቁ ጊዜ ከአምባሰል ወስደው ወለጋ አሰፈሩን። ጎጆዎቹ በመስመር የተሠሩ ናቸው፤ በራቸው ሁሉ ወደ ምዕራብ። የአገራችን ቤት በር ወደ ምሥራቅ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት አባቴ ከመኝታው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሄደና ግድግዳውን በግንባሩ ገጨው። ጎረቤት ሳቀ። በማግስቱም ገጨው። እናቴ አልሳቀችም፤ መጥረቢያ አቀበለችው። «በሩን በለመድከው በኩል አውጣው» አለችው። ቀዶ አወጣው። የሰፈራው ኃላፊ መስመር አበላሸህ ብሎ ጮኸበት፤ የአባቴ ግንባር ግን ዳነ።

የእኔም ፕሮግራም ዲስኩን ያቀረበለት በአዲስ ዓይነት ማገናኛ ነበር፤ አሮጌው ይህን አያውቅም። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ ወደ ድሮው ዓይነት መለስኩለት።

ተነሣ። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ።

የኔታ ስክሪኑን በአፍንጫቸው ሊነኩት ተጠግተው የመጀመሪያውን ቅኔ ጀመሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የቀረውን በቃላቸው ዘለቁት።

«አዲሱን በር አይለምድም?» አሉኝ ሲጨርሱ።

«በአሮጌው እየወጣ እየገባ፣ ቀስ እያለ ይለምዳል።»

«አባትህስ ለመደ?»

«ወባ ቀደመው፣ የኔታ።»

ወደ አምባሰል የተመለስነው እናቴና እኔ ነን።