የጾም ብስኩት እና የእማዬ ስኳር

እኛ ሰፈር የታሸገ ምግብ ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «የጾም ነው?» ባለሱቁ «የጾም ነው» ካለ ነገሩ አለቀ። ስኳሩ፣ ጨውና ዘይቱ የፋብሪካው የግል ጉዳይ ነው። ካዛንቺስ እኛ በር ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ከድር ሙስሊም ናቸው፤ ግን የትኛው ብስኩት የወተት ዱቄት እንዳለበት፣ የትኛው እንደሌለበት ከዲያቆን በላይ ያውቃሉ። ደንበኛው ከዚህ በላይ ጠይቋቸው አያውቅማ።

እናቴ ከእነዚህ ደንበኞች ግንባር ቀደሟ ናት። ስኳር በሽታ አለባት። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሐኪሟ ልኬቷን አይቶ፣ «ኪኒኑ ብቻውን አልቻለም፤ አመጋገብዎን ያስተካክሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ መርፌ እንጀምራለን» አላት። ቀጠሮው ከፋሲካ በፊት ነው። እማዬ ደግሞ ቤት ባለችው መለኪያ ጣቷን ጠቅ ሳደርጋት እንኳ ዓይኗን ጨፍና ቅዱሳንን በየተራ የምትጠራ ሴት ናት። ፋሲካን ከመርፌ ጋር ልታሳልፍ ነው? «ግዴለም፣ ጾሙ ያወርድልኛል» አለችኝ። «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ስኳሩ በምን ይወጣል?»

ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ መሰለኝ። የሌላ ሰው ክርክር ቶሎ ነው የማምነው፤ የማላምነው ራሴን ነው። በሩን መቆለፌን ለማረጋገጥ ከታክሲ ወርጄ የምመለስ ሰው ነኝ፤ አንዳንዴም በደንብ ማረጋገጤን ለማረጋገጥ።

ጾሙ ገባ፤ ስኳሩ ግን አልወረደም። ጭራሽ ወጣ። ስለዚህ የምትበላውን መከታተል ጀመርኩ። ለሕመሟ ሲሉ ነፍስ አባቷ ጠዋት እንድትቀምስ ፈቅደውላታል። የምትቀምሰው ታዲያ ነጭ ዳቦ በማርማላታ ነው። ከሰዓት ብስኩት በሻይ፣ አመሻሽ ላይ የታሸገ ጭማቂ። ሁሉም የጾም ነው። በዚህ አያያዝ እናቴ ለጽድቅ እንጂ ለጤና ቅርብ አልነበረችም።

የብስኩቱን ፓኮ ወደ መስኮቱ ወስጄ ጀርባውን አነበብኩ። እዚያ የሚጻፈው በብዛት ተራ ነው፤ ብዙ የገባው ይቀድማል። ዱቄት አንደኛ፣ ስኳር ሁለተኛ። ትንሽ ወረድ ስል ግሉኮስ ሽሮፕ የሚባል አገኘሁ። ለካ ስኳር የክርስትና ስም አውጥቶ በጓሮ በር ድጋሚ ገብቷል። በሠንጠረዡ ላይ ግን የስኳሩ ቁጥር ትንሽ ነው። ምነው? ቁጥሩ የተሰላው ለአንድ ድርሻ ነዋ፤ አንድ ድርሻ ማለት ደግሞ ሁለት ብስኩት። ሁለት በልቶ የሚያቆም ማን ነው? እማዬ ሁለት ላይ የምታቆመው ሦስተኛው መሬት ከወደቀ ብቻ ነው።

ይህን ሳስረዳት፣ «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ጾሜን ልታስፈርሰኝ ነው?» አለችኝ። መርፌውን ሳነሳባት ግን ተስማማች። ስምምነታችንም እኔ ያላነበብኩት የታሸገ ነገር አፏ እንዳይገባ ሆነ። ሰሃኑንም በሐሳብ መስመር ከፈልኩት፤ ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሽሮ፣ ቀሪው ሩብ እንጀራ። እንጀራዋን አንስታ አየችና፣ «ይሄ እንጀራ ነው መሐረብ?» አለች።

የሱቁ ጉዳይ የባሰ ነበር። እሷ የምታነሳውን ሁሉ እኔ ገልብጬ አነባለሁ። የአንዱ ፋብሪካ ድርሻ ከሌላው ስለማይገጥም በመቶ ግራም እያየሁ አወዳድራለሁ፤ ከዚያ የተሳሳትኩ ይመስለኝና ከላይ እጀምራለሁ። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። ጋሽ ከድር ታግሰው ታግሰው፣ «ልጄ፣ ብስኩቱን ልትገዛው ነው ወይስ ልትመረቅበት?» አሉኝ። አንዲት ሴትዮም፣ «እኔ የምፈልገው ሳሙና ነው፤ ሳሙናም ይነበባል እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን በልቤ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩ። (በሁዳዴ እንቁላል ማንሳቴን እማዬ እንዳትሰማ።) ብዙውን ጊዜ ምንም ሳንገዛ ጎመን ብቻ ይዘን እንመለስ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ውጤቱን አየ፤ ከአሮጌው ጋር አስተያየ። ሳላስበው እኔም የቅዱሳኑን ስም መጥራት ጀምሬ ነበር። «ወርዷል» አለ። «መርፌው ይቅር። ኪኒኑን ሳያቋርጡ በዚሁ ይቀጥሉ።» እማዬ እልል ልትል ነበር፤ የሰው ብዛት ያዛት። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ያለ ጥርጥር ትክክል ሠርቻለሁ። አገር ያቀና ጀግና እንኳ እንዲህ ደረቱን የነፋ አይመስለኝም።

ሐኪሙ ምን ዓይነት ዘዴ እንደተጠቀመች ጠየቃት። «እሱ ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ስለ መቶ ግራሙ ለማስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ምን ልበልዎ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልቀምስ ስል፣ ‹ቆይ ላንብበው› ይላል። ያነባል፣ ይገለብጣል፣ ተሳሳትኩ ብሎ እንደገና ከላይ ይጀምራል። እሱ አንብቦ እስኪጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዛል፣ አምሮቴም ይጠፋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ጎመኔን እበላለሁ።»

ሐኪሙ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «አደራ፣ እንዳታቆም» አለኝ። ማንበቡን ይሁን መንቀርፈፉን ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለጥንቃቄ ሁለቱንም ቀጥያለሁ።