ቀዩን ቀለም የከለከለው ቡራሌ

በአገራችን ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ፣ ጣሪያው ቢያፈስ፣ መምህር ቢጎድለው፣ ቁልፍ ይዞ የሚከለክል አንድ ሰው ግን አይታጣበትም። ይህ ሰው እርሳስ ሲሰጥ የገዛ ጎድኑን ነቅሎ የሚሰጥ ይመስለዋል። በሕይወት ሳለ ሁሉም ይስቅበታል። ሲሞት ቁልፉ ለሌላ ይሰጣል።

በ1954 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ፣ የባቡሩ ፉጨት ትምህርቱን በሚያቋርጥበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ይህን ማዕረግ የያዘው ቡራሌ ዋበሪ ነበር፤ የእርሳስ፣ የጠመኔ፣ የሙጫና የቀለም ጠቅላይ ገዥ። ስድሳ ዓመት ሞልቶታል። ቀጭን ነው። ወደ ግምጃ ቤቱ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ያሸታል፣ ቀጥሎ በጥፍሩ ይፍቃል፣ በመጨረሻም ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «አፍ ቢገባስ?»

ከጅቡቲ በባቡር የመጣ የባለ ቀለም እርሳስ ሣጥን አሥራ አንድ ቀን ሳይታደል ቆየ። ቡራሌ ከየቀለሙ አንዳንድ ፍቆ ፍቅፋቂውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ይጠብቅ ነበር። ለወረቀት ሥራ የሚሆነው ሙጫ ከስንዴ ዱቄት ብቻ፣ እሱ ባለበት፣ ሰኞ ሰኞ ይፈላል። ሐሙስ ሲደርስ በድሬዳዋ ሙቀት ይሸታል፤ ያኔም ያስደፋዋል። መጽሐፍ ጠራዦች ሙጫው እንዳይነቅዝ መድኃኒት እንደሚጨምሩበት የነገረውን ሰው ተቆጥቶ አባረረው።

የጂኦግራፊው መምህር ሙመድ አንድ ቀን የዓለም ካርታ ሊያወጣ ሄዶ፣ «አቦ ቡራሌ! ካርታውስ አፍ ቢገባ?» አለው።

«ካርታው ሰፊ ነው፣ አይገባም» አለ ቡራሌ ሳይስቅ። «ሚስማሮቹ ግን ይገባሉ።» አራቱንም ነቅሎ ካርታውን ብቻ ሰጠው። ሙመድ ያን ሰሞን አፍሪካን በአንድ እጁ ደግፎ አስተማረ።

በዚያ ዓመት የሥዕልና የእጅ ሥራ መምህርት ሆና የመጣችው ኢስታር ነበረች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ነገር ግን ሾፌሩ አባቷ በስድስት ዓመቷ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገብቷት፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጨርሳ ተመለሰች። ደንብ ትወዳለች። ያልተጻፈ ነገር የሌለ ይመስላት ነበር።

የወላጆች ቀን ሲቀርብ አርባ ሁለቱ ተማሪዎቿ አርባ ሁለት ሰንደቅ ዓላማ እንዲስሉ ታዘዘ። አረንጓዴና ቢጫ እርሳስ አለ። ቀዩ እንደ ልማዱ ቀድሞ አልቋል። መጋላ ገበያ ውስጥ የብረት በር የሚሠራ ዘመዷ ከሥራው የተረፈ አንድ ጣሳ ቀይ ዱቄት ሰጣት፤ በሙጫ ውሃ ስትበጠብጠው ዓይን የሚስብ ቀይ ወጣው። ይዛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደች።

ቡራሌ ጣሳውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ቀለም እንዲህ አይከብድም» አለ።

«ዱቄት ነው፣ አዴር።» ሶማሌዎች ለአጎት የሚሉትን ነው የምትለው።

«ዱቄትም እንዲህ አይከብድም። በር ሠሪዎቹ ይህን ሲቀቡ አፋቸውን በጨርቅ ያስራሉ። የጥይት ዓረር የሚሠራበት ማዕድን አለበት። አፍ ቢገባስ?»

«ብሩሽ እንዳይልሱ እነግራቸዋለሁ።»

«ያልነገርሻቸውን ቢያደርጉስ?»

«በአንተ ጥርጣሬ ከሄድን እኮ ልጆቹ አየር ላይ ነው የሚስሉት!»

«አየር ጥሩ ነው» አለ ቡራሌ።

ኢስታር ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች። ዳይሬክተሩ፣ «ሰውየው ያበዛዋል» ብለው ፈቀዱላት።

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ በጉልህ ጻፈች፤ «ብሩሽ አይላስም። እጅ ሳይታጠብ አይበላም።» ልጆቹን ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው። ቡራሌ የፈቀደው ወረቀት ለአንድ ልጅ አንድ ብቻ ስለነበር፣ መጀመሪያ ከሻይ ሣጥን በተሰነጠቀ ጣውላ ላይ እንዲለማመዱ አደረገች። እሱ ከውጭ መስኮቱ ላይ ቆሞ ያያል። ልጆቹ እየተጠቃቀሱ ይስቃሉ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው የሰባት ዓመቷ ሃሊሞ ሰንደቋን ጨረሰች። ከሥሩ ክፍት ቦታ ነበር። በቀዩ ቀለም በዐረብኛ ፊደል «ቢስሚላህ» ብላ ጻፈችበት። ኢስታር በአጠገቧ ስታልፍ አይታ፣ የእጅ ጽሑፏ ጥሩ ነው ብላ አለፈች። ከዚያ ልጅቷ ጣውላውን ወደ ጣሳ ኩባያ አዘንብላ በጽሑፉ ላይ ውሃ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች። ቀይ ውሃው ተጠራቀመ። ኩባያውን በሁለት እጇ አነሳች።

ቡራሌ በሩ ራቀበት። በመስኮቱ ዘሎ ገባ። ኩባያውን ከእጇ መታው፤ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፣ ቀዩ ውሃ በነጭ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ጮኸች።

«አልላስኩም! ዋላሂ፣ መምህርት፣ ብሩሹን አልላስኩም!»

እውነቷን ነበር። የሰሌዳውን ደንብ አንዱንም አልጣሰችም።

ኢስታር የልጅቷን አፍ ከፍታ አየች፤ ንጹሕ ነበር። እጆቿን ሁለቴ አጠበቻት። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ግን፣ «ለምን ልትጠጣው ፈለገች?» ብላ ጠየቀች።

ቡራሌ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። «አንቺ ቁርአን ቤት አልገባሽም» አለ። «እነዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ከዚያ ነው የሚመጡት። እዚያ የሚጻፈው ሎህ ላይ ነው፤ እንደዚህ ያለ ጣውላ። አንቀጹን ካጠኑ በኋላ አጥበው ይጠጡታል፣ ቃሉ በረካ ነውና። ቀለሙ ጥላሸትና ሙጫ ነው፣ ምንም አያደርግም።»

ሸሚዙን እያየ፣ «ልጅ ሆኜ ለቁርአን ቤታችን ቀለም የማፈላው እኔ ነበርኩ» አለ። «አንድ ቀን ጥላሸት አጣሁና ከሱቅ የሚያምር አረንጓዴ ዱቄት ገዛሁ።»

ኢስታር ማን እንደጠጣው አልጠየቀችም።

ያን ዕለት ጣሳውን ለዘመዷ መለሰች። ለዳይሬክተሩ ስትነግራቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። «እንግዳው ከጠቅላይ ግዛቱ ይመጣሉ! ቀይ የሌለው ሰንደቅ ዓላማ ላሳያቸው? በማግሥቱ እኔም አንቺም ከሥራ ውጪ ነን!» ቀይ ሥር ሞከሩ፤ ሲደርቅ እንደ ሰንበር ጠቆረ። ሂና ሞከሩ፤ የጡብ መልክ አመጣ። ሁለት ቀን ቀረ።

በዋዜማው ጠዋት ቡራሌ አንድ ጥቅል ይዞ ገባ። ለኢድ የገዛው ቀይ ሽርጥ ነበር፤ አርብ አርብ ሲያገለድመው ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው። አርባ ሁለት ጠባብ ቁራጭ አድርጎ በመቀስ ቆራርጦታል፣ እያንዳንዱም ከወረቀቱ ጋር ልክ ነው። «ታጥቧል» አለ። «ሰባት ጊዜ። አይለቅም።»

እንግዳው መጡ፣ አዩ፣ «ቀዩ በጨርቅ መሆኑ አዲስ ሐሳብ ነው» ብለው አመሰገኑ። ዳይሬክተሩ ሐሳቡ የራሳቸው የሆነ ያህል ፈገግ አሉ። የሃሊሞ እናት ሃዎ የልጇን ሥዕል በጣቷ ዳሰሰችና ወደ ቡራሌ ዞረች።

«ያ አዴር! ይሄ የአንተ ሽርጥ አይደል? እራቁትህን ልትቀር ነው እንዴ?»

በዙሪያው ያለው ሳቀ። ኢስታር አልሳቀችም። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር። ሃዎን ወደ ጥግ ወስዳ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ከልክሎኝ ነበር፣ ኩባያው የሃሊሞ ከንፈር ጋ ደርሶ ነበር አለቻት። ሃዎ አንድ እርምጃ ተጠጋቻት። ልትመታት የምትችል ይመስል ነበር። በመጨረሻ፣ «ዛሬ ይህን ባትነግሪኝ ኖሮ» አለች፣ «ነገ ልጄን አልሰጥሽም ነበር።»

በቀጣዩ አርብ ሃዎ ቡራሌ ዘንድ አዲስ ሽርጥ ይዛ መጣች፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ ከመጋላ ምርጡ። እሱም አሸተተው፣ ፈቀው፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ውሃው ቀላ። «ይለቃል» አለ በሐዘን፣ ከዚያ ወዲያ ሲለብሰው ያየ የለም። ሃዎ ለዓመታት ይህን እያነሳች ሰድባዋለች።

ቡራሌ በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት አረፈ። ልጅም ወራሽም አልነበረውም። ያን ጊዜ የትምህርት ቤቱን መዝገብ የምትይዘው ኢስታር ስለነበረች ርክክቡን ያደረገችው እሷ ነች። ሦስት ቀን ፈጀባት፤ አንድ እርሳስ አልጎደለም። ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከተቆለፈ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀዩ ሽርጥ ተገኘ። የመንግሥት ንብረት መዝገብ ውስጥ የግል ዕቃ አይጻፍም፤ ይህን ደንብ ከቡራሌ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ግን በራሱ እጅ ጽፎታል፦ «ሽርጥ፣ ቀይ፣ አንድ። የሃሊሞ እናት የሰጠችኝ። ወጪ አይደረግም።»

አዲሱ ግምጃ ቤት ያዥ፣ «ይሄ ይሰረዝ?» ብሎ ጠየቃት።

ኢስታር በሥራ ዘመኗ ከደንብ ውጭ የተጻፈ መስመር ሳትሰርዝ አልፋ አታውቅም። ብዕሯን ከደነች። ሣጥኑንም በራሷ እጅ ቆለፈችው።